አዲስ መኪና ከዲለር ስትገዙ፦ ስለ ክፍያው፣ ስለ ታክሱና ስለ ውሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ እንግሊዝኛው ትንሽ የሚቀለው ዘመድ ሥራው ብዙ ነው። ሐኪም ቤት ያስተረጉማል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ደብዳቤ ያነባል፣ ቅዳሜ ደግሞ ዲለር ይሄዳል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ዘመድ ነኝ። ዲለር ቤት ወንበር ላይ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈብኝ መቁጠር ትቻለሁ። ከታች ያሉት እየደወሉ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ በዋናነት ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። የፌዴራል ሕግ ያልኩት ግን ሲያትልም ዳላስም ላለ ሰው ይሠራል።

መኪናው 30 ሺህ ነው ተብዬ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ለምን 33 ሺህ ሆነ?

30 ሺህ የመኪናው ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚደረበው ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የመንግሥት ነው፦ ታክስ፣ ታይትል (አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ዓይነት) እና ታርጋ። ይሄ ላይ ክርክር የለም። ሁለተኛው ዲለሩ ለወረቀት ሥራ ብሎ የሚጠይቀው ነው። ሦስተኛው እናንተ ሳታስቡት የተሸጠላችሁ ዕቃና አገልግሎት ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ ቤት ሳላችሁ ለሁለት ለሦስት ዲለር በኢሜይል ወይም በቴክስት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሁሉም ነገር ተደምሮ፣ መኪናውን ይዤ ከበር ስወጣ ስንት ነው? እነሱ አውት ዘ ዶር ይሉታል። ዝርዝሩን በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ። «ይምጡና እናወራለን» ብቻ የሚል ካለ ለሚቀጥለው ጻፉ። ቁጥሩን በጽሑፍ መላክ የከበደው ሰው ቢሮው ስትቀመጡ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምንድን ነው? ዋጋው የመጨረሻ ነው?

ሞንሮኒ ይባላል። በ1958 ሕጉን ባመጡት የኦክላሆማ ሴናተር ስም ነው የተጠራው። አዲስ መኪና ሁሉ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ዲለሩም የማንሳት መብት የለውም። መነሻ ዋጋው፣ የተጨመሩት ነገሮች፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ የተገጣጠመበት አገር፣ ፋብሪካው የጠየቀው ጠቅላላ ዋጋ ሁሉም እዚያ አለ።

ሁለት ነገር እዩበት። መጀመሪያ የማጓጓዣው ዋጋ ወረቀቱ ላይ ባለው ድምር ውስጥ ገብቷል። ብዙ ጊዜ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሻጩ ከጠቅላላው ዋጋ ተነስቶ «የማጓጓዣ» ብሎ እንደገና ከደመረ ሁለት ጊዜ እያስከፈላችሁ ነው። ቀጥሎ፣ ከጎኑ ሌላ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ። እሱ የፋብሪካው አይደለም፣ ዲለሩ ራሱ የጨመረው ነው። መልኩን አመሳስለው ስለሚያትሙት የሕግ ይመስላል። አይደለም።

ዋጋው የመጨረሻ ነው ወይ ላላችሁኝ፣ አይደለም። ፋብሪካው ይህን ያህል ይሸጥ ብሎ የጠቆመው ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከሱ በታች ይገዛል፣ መኪና ሲጠፋ ደግሞ ከሱ በላይ ይጠይቃሉ።

ታክሱ ስንት ነው? ርካሽ ወደሆነበት ግዛት ሄጄ ብገዛስ?

አያተርፍም። ታክሱ የሚከፈለው መኪናው ታርጋ በሚወጣበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ አሌክሳንድሪያ ብትገዙ የምትከፍሉት የሜሪላንድን ነው።

ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነበር፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 6.5 ሆኗል። በ30 ሺህ ዶላር ላይ ብናሰላው ቨርጂኒያ 1,245፣ ሜሪላንድ 1,950 ዶላር ነው። ዲሲ አካሄዱ ለየት ይላል፣ በመኪናው ክብደትና በነዳጅ አጠቃቀሙ ነው የሚያሰላው። ትልቅ ኤስዩቪ የወደደ ሰው እዚያ ሲደርስ ይደነግጣል።

አሮጌ መኪናችሁን ለዲለሩ ሰጥታችሁ ከዋጋው ላይ ብታስቀንሱ ታክሱም ይቀንሳል የሚል ወሬ አለ። በብዙ ግዛት እውነት ነው። ቨርጂኒያ ግን አይሠራም። የ10 ሺህ ዶላር መኪና ሰጥታችሁ 20 ሺህ ብቻ ብትከፍሉም ታክሱ በ30 ሺው ላይ ነው።

ፕሮሰሲንግ ፊ የሚሉት የመንግሥት ክፍያ ነው?

አይደለም! ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት። ከታክስና ከታርጋ መሃል ስለሚጽፉት ሰው የመንግሥት ይመስለዋል። ዲለሩ ለራሱ የሚያስቀረው ገንዘብ ነው። ሜሪላንድ ጣሪያ አላት፣ 800 ዶላር ነው። ወረቀቱ ላይም ሕግ የማያስገድደው ክፍያ መሆኑ መጻፍ አለበት። ቨርጂኒያ ግን ማሳወቅ ይገባል እንጂ ጣሪያ የለውም፣ 900 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ሞልተዋል። ይባስ ብሎ ቨርጂኒያ ታክሱ ሲሰላ ይሄም ይደመርበታል።

«ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው የምናስከፍለው፣ ልናነሳው አንችልም» ይሏችኋል። ጥሩ፣ አታንሱት በሏቸው። በምትኩ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያንኑ ያህል ይቀንሱ። ገንዘቡ በየትኛው መስመር ላይ ቢቀነስ ለእናንተ ያው ነው።

ጎማው ናይትሮጅን ተሞልቷል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ መስታወቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል ብለው 1,500 ዶላር ጨመሩብኝ። ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለቀሪው ሁለት መቶ ዶላር መክፈል ከፈለጋችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። «አስቀድመን ስለሠራነው ማንሳት አይቻልም» ካሉ፣ ያልተሠራበት መኪና አምጡልኝ ወይም ዋጋውን ሰርዙት ማለት ነው። ተነስታችሁ ጃኬታችሁን ስትለብሱ ብዙ ጊዜ ማኔጀር ይጠራል።

ሻጩ መጀመሪያ «በወር ስንት ይመችሃል?» አለኝ። ምን ልበለው?

ምንም። ይሄ ጥያቄ ደግነት ይመስላል፣ ግን ወጥመዱ እዚህ ነው። 450 ካላችሁት 450 ያደርግላችኋል። እንዴት? ዓመቱን ያረዝመዋል።

ቁጥሩን እንየው። 30 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በ60 ወር ብትከፍሉ በወር 594 ዶላር ገደማ ነው። በ84 ወር ከሆነ 453 ይሆናል። በወር 141 ዶላር ቀነሰ፣ ደስ ይላል። ግን በ60 ወሩ በጠቅላላ የምትከፍሉት ወለድ 5,640 ዶላር አካባቢ ሲሆን በ84ቱ 8,030 ይደርሳል። ደግሞ ሰባት ዓመት ማለት ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ጎማውም ፍሬኑም ባትሪውም እየተቀየረ ዕዳው አላለቀም።

መጀመሪያ በመኪናው ዋጋ ተስማሙ። ቀጥሎ አሮጌ መኪና ካላችሁ በእሱ ዋጋ። ብድሩ መጨረሻ ይምጣ። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያቦኩት አንዱ ላይ የሰጧችሁን ሌላው ላይ ይወስዱታል።

ወለዱን ባንኩ ነው የወሰነው አሉኝ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ዲለሩ ማመልከቻችሁን ለባንኮች ይልካል። ባንኩ ለምሳሌ 7 በመቶ ይላል። ዲለሩ 9 ብሎ ሊያስፈርማችሁ ይችላል፣ ከልዩነቱም ድርሻ ያገኛል። በደንቡ የተፈቀደ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በ30 ሺህ ዶላርና በ60 ወር ሲሰላ በወር 29 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላ 1,720 ዶላር ነው። ለአንድ ፊርማ መጥፎ ገቢ አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ፣ እንደ ባንክ የሚያበድር ማኅበር) ሂዱና የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ ዲለሩን «ከዚህ በታች ታመጣለህ?» በሉት። አንዳንዴ ያመጣል፣ በተለይ ፋብሪካው ራሱ ዝቅተኛ ወለድ ሲሰጥ። ክሬዲቴ ይወርዳል ብላችሁ አትፍሩ። በ14 ቀን ውስጥ ለመኪና ብድር የተደረጉ ጥያቄዎች እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት።

የእቁብ ብር ወጥቶልኝ በካሽ ልገዛ ነው። ችግር አለው?

ችግር የለውም፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ብር የተቀበለ ዲለር ቅጽ 8300 የሚባል ሞልቶ በ15 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ አለበት። መታወቂያ ይጠይቃችኋል። ታክስ አይደለም፣ ክስም አይደለም። ብሩ ከየት እንደመጣ የምታውቁ ከሆነ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። የሚያስከስሰው ፈርቶ መከፋፈል ነው። «ዛሬ 9 ሺህ፣ ነገ 9 ሺህ ልስጥ» ማለት ቅጹን ለመሸሽ ከሆነ ራሱ ወንጀል ነው። በየዋህነት ይህን ሊያደርግ የተነሳ ሰው አውቃለሁ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የያዝኩት። የእቁቡን ዝርዝር ያዙ፣ ብሩን ባንክ አስገቡና በቼክ ክፈሉ።

ሌላው፣ ካሽ ስለያዛችሁ ቅናሽ አትጠብቁ። አገር ቤት ጥሬ ብር ሲታይ ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ዲለሩ ከብድሩም ስለሚያተርፍ ካሽ ከፋይን እንደውም ላይወደው ይችላል። ስለዚህ በምን እንደምትከፍሉ ዋጋው እስኪያልቅ አትናገሩ።

የአጎቴ ልጅ ፈርምልኝ አለኝ። ስም ብቻ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ ይላል።

ስም ብቻ አይደለም። ዋስ ነው። አገር ቤት ዋስ ሆኖ ያየ ያውቀዋል። እዚህ ደግሞ አበዳሪው መጀመሪያ ልጁን ሳይከስ በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ይህንኑ የሚል ማስጠንቀቂያ ለብቻው በወረቀት እንዲሰጧችሁ ያዛል። የከፋው ደግሞ ብድሩ ላይ መፈረም የመኪናው ባለቤት አያደርግም። ስማችሁ ታይትሉ ላይ ከሌለ ዕዳው የእናንተ፣ መኪናው የሱ ነው። አንድ ወር ቢዘገይ የሚበላሸው የእናንተም ክሬዲት ነው። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ከሆነማ ይሄ ብድር የእናንተ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል።

አትፈርሙ አልልም፣ እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ግን የወሩ ክፍያ ሲከፈል የምታዩበትን መንገድ ያዙ። የአካውንቱን መግቢያ ስጠኝ በሉት። ቅር ካለው አሁኑኑ ቅር ቢለው ይሻላል።

ፋይናንስ ቢሮ የሚሰጡኝን ያን ሁሉ ወረቀት ማንበብ አለብኝ?

ሁሉንም ማንበብ ጥሩ ነበር። ካልቻላችሁ ግን ሁለቱን አትለፉ፦ የግዢ ትዕዛዙንና የብድር ውሉን።

የብድር ውሉ ላይ ከ1968 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ የሚያስገድዳቸው ሳጥኖች አሉ። ኤፒአር የሚለው እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ነው። ቀጥሎ ብድሩ በዶላር የሚያስወጣችሁ፣ የተበደራችሁት መጠን፣ በመጨረሻ የምትከፍሉት ጠቅላላ ድምር ይመጣል። እኔ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው የተበደሩት መጠን ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከበር መውጫው ዋጋ ላይ ቅድሚያ የከፈላችሁትን ቀንሱ። የተበደራችሁት ከዚያ ከበለጠ ውስጡ ያልተስማማችሁበት ነገር ገብቷል።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ወሩን ብቻ እያየን ፈረምን። ቤት ገብቼ ሳነበው የተበደረው ካወራነው በ2,400 ዶላር ይበልጣል። የጥገና ውል ተሸጦለት ኖሯል። ስክሪን ላይ «እዚህ ንካ፣ እዚህ ንካ» ሲባል ነክቶታል። በማግስቱ በጽሑፍ አሰረዝን። ግን ተመላሹ የሄደው ለአበዳሪው ነው፣ ከዕዳው ላይ ተቀነሰ። የወሩ ክፍያ ንቅንቅ አላለም፣ ብድሩ ብቻ ቀደም ብሎ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ እስካሁን «ብሩ የታለ?» ይለኛል።

ስለዚህ ስክሪን ላይ ብቻ አትፈርሙ፣ መጀመሪያ አትሙልኝ በሉ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት አትፈርሙ። «ሁለተኛ ቁልፍ እንሰጥሃለን፣ ምንጣፍ እናመጣለን» ያሉትን አጽፉ። ለዚህ ዕዳ አለብን የሚል ቅጽ አላቸው። ውሉ ውስጥ ከዚህ ወረቀት ውጪ የተባለ ነገር አይቆጠርም የሚል አንቀጽ ስላለ ሻጩ በቃሉ የነገራችሁ ሁሉ በር ላይ ይቀራል።

ሐሳቤን ብቀይር በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ እችላለሁ አይደል?

አትችሉም። ይሄ የሦስት ቀን ወሬ ከየት እንደተነሳ አውቃለሁ። ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ሰው የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ። ዲለር ቤቱ ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና አይሠራም። ዲለሩ ራሱ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በቀር ፈርማችሁ ከወጣችሁ የእናንተ ነው።

እንግዲህ መኪናውን ይዤ ከሄድኩ በኋላ «ብድሩ አልጸደቀም፣ ተመለስ» ብለው ደወሉልኝ?

ይሄ እየተለመደ ነው። ቅዳሜ መኪናውን ሰጥተው ይሸኟችኋል። ማክሰኞ ይደውሉና «ትንሽ ችግር አለ» ይላሉ። ስትሄዱ ወለዱ የጨመረ አዲስ ውል ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃችኋል። ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን አይቶታል፣ ልጆቹም ተቀምጠውበታል፣ ማን ይመልሳል?

ቨርጂኒያ ለዚህ የተጻፈ ነገር አላት። የግዢ ትዕዛዙ ላይ ማስታወቂያ አለ። ብድሩ የእናንተን ወጪ ሳይጨምር ከጸደቀ ግዢው አይሰረዝም። ካልጸደቀ ያሳውቋችኋል። ያኔ በሌላ መንገድ መክፈል ወይም መሰረዝ ትችላላችሁ፣ እነሱም መሰረዝ ይችላሉ። ከተሰረዘ መኪናውን በ24 ሰዓት ውስጥ ትመልሳላችሁ፣ ቅድሚያ የከፈላችሁትና የሰጣችሁት አሮጌ መኪና ይመለስላችኋል። ስለዚህ የከበደውን አዲስ ውል ለመፈረም አትገደዱም። ቁልፉን አስቀምጣችሁ ብራችሁን ጠይቁ። የክሬዲት ዩኒየን ፈቃድ በኪሳችሁ ካለ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ጋፕ ያስፈልገኛል? የተራዘመው ዋስትናስ?

ጋፕ መኪናው ጨርሶ ሲወድም ኢንሹራንሱ በከፈለውና በቀረው ዕዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል። ቅድሚያ ትንሽ ከፍላችሁ ረጅም ዓመት ከተበደራችሁ ይጠቅማል። ግን ዲለሩ ጋ አትግዙት። ኢንሹራንሳችሁን ወይም ክሬዲት ዩኒየኑን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በጣም ይረክሳል።

የተራዘመ ዋስትና የሚሉት ውል ለአዲስ መኪና ፋብሪካው የሰጠው ዋስትና እስኪያልቅ ብዙም አይሠራም። ያለሱ ብድሩ አይጸድቅም ካሏችሁ ውሸት ነው። «ዘይቱን እኛ ጋ ካልቀየርክ ዋስትናው ይበላሻል» የሚሉትም እንደዚያው። በ1975 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይህን ይከለክላል። ሐበሻው ጋራዥ ሄዳችሁ ቀይሩ፣ ደረሰኝ ብቻ ያዙ።

ኡበር ልሠራበት ነው የምገዛው። ለውጥ አለው?

አለው፣ ብዙ። ተራው የግል ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ ይዛችሁ የደረሰውን አደጋ አይሸፍንም። ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ጠይቁ። ብዙ የጥገና ውልና ጋፕም ለሥራ የዋለ መኪናን አንሸፍንም የሚል መስመር አላቸው። ፋይናንስ ቢሮው 3 ሺህ ዶላር ተቀብሎ የሸጠላችሁ ውል የመጀመሪያው ብልሽት ላይ «ኪሎሜትሩ ሲታይ ታክሲ ነው» ይላል። ስትገዙ ለኡበር መሆኑን ተናገሩና ሽፋኑ መኖሩን በጽሑፍ ያሳዩአችሁ።

ቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚመጣው ካር ታክስ ምንድን ነው? ታክስ ከፍዬ የለም?

የከፈላችሁት የግዢውን ነው። ይሄ የንብረት ግብር ሲሆን የሚሰበስበው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። በመኪናው ግምት ልክ በየዓመቱ ይመጣል። አዲስ መኪና ስለሚወደድ የመጀመሪያው ዓመት ያማል። ከሜሪላንድ ወይም ከዲሲ የተሻገረ ሰው ደብዳቤውን ሲያይ ስህተት ይመስለዋል፣ እነዚያ ጋ እንዲህ ያለ የለማ። ለግል አገልግሎት ከሆነ ግዛቱ በመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ግምት ላይ የተወሰነውን ይደግፋል። ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል መኪና ግን ይህን ድጋፍ አያገኝም። ኤሌክትሪክ ወይም ነዳጅ ቆጣቢ ከሆነ ደግሞ ታርጋ ስታድሱ የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ አለ። ነዳጅ ስላልገዛችሁ የነዳጁን ግብር በዚህ ይካካሱታል።

ከገቢ ግብር ላይ የሚቀነስ ነገር አለ?

ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ አልቋል፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ አይሠራም። አሁን ያለው ሌላ ነው። ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት በአዲስ መኪና ብድር ላይ የከፈላችሁትን ወለድ በዓመት እስከ 10 ሺህ ዶላር ድረስ ከገቢያችሁ ላይ ማስቀነስ ይቻላል። መኪናው ለግል አገልግሎት መሆንና አሜሪካ ውስጥ መገጣጠም አለበት። ሊዝ (የረጅም ጊዜ ኪራይ) አይገባም። ገቢው ለአንድ ሰው ከ100 ሺህ፣ ለባልና ሚስት ከ200 ሺህ ዶላር ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስሙ የጃፓን ስለሆነ ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። ካምሪ ኬንታኪ፣ ሲዬና ኢንዲያና ነው የሚገጣጠሙት። ፕሪየስ ግን ከጃፓን ይመጣል። መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት እዩ። ወይም የሻንሲ ቁጥሩ በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር ከሆነ አሜሪካ ነው። ለኡበር የምትሠሩ ታክስ ሠሪያችሁን አማክሩ፣ የእናንተ በሌላ መስመር ነው የሚሄደው።

አዲሱ መኪና በየሳምንቱ ጋራዥ ቢገባስ?

ለዚህ ሌመን ሎው የሚባል ሕግ አለ። ቨርጂኒያ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ነው። ያው ብልሽት ሦስት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ካልዳነ፣ ወይም መኪናው በጠቅላላ 30 ቀን ጋራዥ ከዋለ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ የማለት መብት ይኖራችኋል። ጥያቄው ለፋብሪካው ነው፣ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ለዚህ ነው በሄዳችሁ ቁጥር ወረቀት ተቀበሉ የምለው። «አየሁት፣ ምንም የለውም» ብሎ ያለ ወረቀት ቢመልሳችሁ ያ ቀን አልተቆጠረም።

አርቢትሬሽን የሚል አንቀጽ ላይ ለብቻው አስፈረሙኝ።

ከተጣላን ፍርድ ቤት አንሄድም፣ ገላጋይ ይወስናል ማለት ነው። አንዳንዱ ውል በተወሰነ ቀን ውስጥ ጽፋችሁ እንድትወጡበት ይፈቅዳል፣ እዩት። የሚያስቀው ነገር ዲለሮቹ ራሳቸው ይህን አንቀጽ ፋብሪካዎች ሲጭኑባቸው ኮንግረስ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በ2002 ሕግ ወጥቶላቸው ነፃ ወጡ። እኛ ላይ ግን እነሱ ይጭኑታል።

ገዝቼ አገር ቤት ብልከውስ?

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት አቁማለች፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ውሉ ያለ አበዳሪው ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ይከለክላል።

ውሉን በአማርኛ ማግኘት እችላለሁ?

የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ዲሲም ቨርጂኒያም በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ዲሲ የመንግሥት ቢሮዎች በቋንቋችን እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አላት። ዲለር ግን የመንግሥት ቢሮ አይደለም፣ ውሉ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የሚናገር ሻጭ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ ደስ ይላል፣ «ወንድሜ» ይላችኋል። ደሞዙን የሚከፍለው ግን ዲለሩ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ለእናንተ ለሚያስብ ሰው ላኩና እስኪያነብ ቡና ጠጡ። ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይቀየራል ካሉ ነገም ያው ዋጋ ነው።

ተጭበርብሬያለሁ ብዬ ብከስ ለማን ነው?

ቨርጂኒያ የመኪና ዲለሮች ቦርድ የሚባል ፈቃድ ሰጪ አለ። ሜሪላንድ ለኤምቪኤ (ታርጋና መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ወይም ለአቃቤ ሕጉ ቢሮ፣ ዲሲም ለአቃቤ ሕጉ ይቀርባል። ክስ ማቅረቡ ነፃ ነው። የፈረማችሁትን ኮፒ፣ መጀመሪያ የተላከላችሁን የዋጋ ኢሜይልና ቴክስቶቹን አያይዙ። ቴክስቱን ካጠፋችሁት ስልካችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ስጡና ያውጡላችሁ።